እፍኝ አፈር ከዘሩ ጋር

እማማ አይናዲስ ዘር አይሸጡም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በሱዳን ድንበር ባለው በእኛ ቆላ የማይሸጥ ነገር ስለሌለ ነው። ከሸሕዲ እስከ ኮኪት በመንገዱ ዳር ውሃ ይሸጣል፣ ጥላ ይሸጣል፣ የሰው ጉልበትማ በየማለዳው ተሰልፎ ነው የሚሸጠው። እሳቸው ግን የማሽላ ዘር ሊጠይቅ የመጣ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ካዩ ፊታቸው ይለወጣል። «ምነው? ዘርና እሳት መቼ ተሽጦ ያውቃል?» ይላሉ፤ ሰውየውም አፍሮ እጁን ያወጣል።

ቤታቸው ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት ገባ ብሎ ያለ የሣር ክዳን ነው። ባለቤታቸው አባ ጀምበሩ ከጋይንት ወደ ቆላ የወረዱ ሰው ነበሩ፤ ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ልጃቸው ፈንቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ። በየወሩ ይደውል ነበር፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ። እሳቸው ስልካቸውን በየሁለት ቀኑ የፀሐይ ባትሪው ላይ ይሰኩታል። አይጠራም፤ ይሰኩታል።

እንግዲህ የሚታወቁት በማሽላቸው ነበር። ፍሬው ትልልቅ፣ ነጭ፣ ለእንጀራውም ለገንፎውም የሚስማማ። ስም ስላልነበረው እኛ «የአይናዲስ ነጭ» አልነው። በኅዳር፣ አጫጆች ሳይገቡ፣ ብቻቸውን ማሳው ውስጥ እየዞሩ የወደዱት የማሽላ ራስ ላይ ሣር ያስሩበታል። በእጃቸው ቆርጠው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅሉታል። ሲፈለግ አውርደው ሰፌድ ላይ በመዳፋቸው ያሹታል። ነቀዝ አይነካውም፣ ገለባ አይገኝበትም። እኛም እሳቸውን ተማምነን ዘር ማስቀመጥ ከተውን ቆየን። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ደጅ ይጎርፋል። መጥቶ ተቀብሎ መሄድ ግን የለም። መደቡ ላይ ይቀመጣል። ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለሙስሊሙ ሻይ ይቀርባል። ከዚያ የዓመቱ ወሬ እየተጎለጎለ ይወጣል፤ ማን አገባ፣ የማን በሬ ሞተ፣ የማን ልጅ ፈተና አለፈ። የዘሩ ዋጋ ይኸው ወሬ ነበር። በታኅሣሥ ደግሞ ተመልሶ ማሽላው እንዴት እንደሆነ መንገር የግድ ነው፤ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ሰኔ ይወቀሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ ወራት ውጭ ደጃቸውን የሚረግጥ አልነበረም። እኔ ራሴ የቅርብ ጎረቤት ነኝ፤ ከጥር እስከ ግንቦት አንድም ቀን አልሄድሁም። ዶሮዎቻቸውን በስም እየጠሩ ሲያጫውቱ በአጥር በኩል ሰምቼ፣ ፈገግ ብዬ አልፌያለሁ። አሁን ሳስበው ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዘሩን ተቀብለን ስንነሣ፣ በር ሥር ከምትቀመጥ ገንቦ ከማሳቸው የተዛቀ እፍኝ ጥቁር አፈር በጨርቅ ቋጥረው ይጨምሩልናል። አባ ጀምበሩ ከጋይንት ሲወርዱ ዘሩን ያመጡት እንደዚያ፣ ከአገሩ አፈር ጋር ነው አሉ። «ዘር ብቻውን ሲሄድ ይደነግጣል፤ የሚያውቀው አፈር ሲያገኝ ይለምዳል» ይሉናል። ስንወጣ እንስቃለን። ግን ማንም ቋጠሮውን መንገድ ላይ አልጣለም፤ ሁላችንም ከመዝራታችን በፊት ማሳችን ጥግ ላይ በተንነው። አዝመራው ያምር ስለነበር ማን ይከራከራል?

ከዚያ አቀንጭራ መጣ። ይህ አረም መሬት ውስጥ ሳለ ነው ክፋቱን የሚጀምረው። የማሽላውን ሥር ይዞ ይጠባል፤ ማሽላው ውሃ እያለ ይጠወልጋል፤ አንተ ዝናብ አጥሮ ነው ብለህ ሰማይ ታማለህ። ቆይቶ ሐምራዊ አበባ ይዞ ብቅ ይላል። ቀማኛ ሆኖ እንደዚህ ያማረ ነገር አላየሁም። ዘሩ እንደ ብናኝ ነው፤ መሬት ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል።

ደግሞ ጊዜ ያውቃል። የሚያብበው መስከረም ላይ፣ ልክ ሰሊጡ ሲደርስ ነው። ሰሊጥ አይለመንም፤ አንድ ሳምንት ካዘገየኸው ከረጢቱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈስልሃል። ስለዚህ ቤተሰቡም፣ ከደጋ ለሥራ የሚወርዱት ሳሉጎችም፣ ሁሉም ሰሊጥ ላይ ነው። አቀንጭራውን ማን ይንቀል? አንዱ ቢነቅል የጎረቤቱ አብቦ ይበትንበታል። እንዲህ እያልን አራት ዓመት ተናደድን፤ ካቻምና ከማሳዬ እኩሌታው ባዶ አገዳ ሆነ።

አምና በሚያዝያ አርባ ሦስት ገበሬዎች በጋሽ ሷሊህ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን፤ እማማ አይናዲስን መጥራት ያሰበ አልነበረም። ጋሽ ሷሊህ ትራክተር ያላቸው፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። «እያንዳንዳችን ለብቻ ሞክረን አየነው። ኻላስ፣ በቃ!» አሉ። ከደረቁ ወንዝ እስከ አስፋልቱ ያለውን ማሳ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ማሳ ልንይዘው ተስማማን፤ ስሙንም የአረም ቀጣና አልነው። ከየቤቱ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን በወንፈል ይወጣል፤ ማሳው የማንም ይሁን የማን፣ አበባ ሳይዝ ተነቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። ትራክተር ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር ጎማው ይታጠባል። አረሙ የባሰበት ማሳ በመጪው ክረምት ሰሊጥ ብቻ ይዘራበታል፤ አቀንጭራ ሰሊጥ ላይ አይኖርምና። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ስለደረስሁና ጽሑፌ ስለሚነበብ ጸሐፊ ሆንሁ። በእኛ አገር መማር ቅጣቱ ብዙ ነው።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ባለፈው አዝመራ አረሙ የታየበትን ቦታ በካርታ ላይ በቀይ ማመልከት ነበር። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ስርጉት፣ ከባሕር ዳር በቅርብ የመጣች ልጅ፣ አብራኝ ዞረች። ቀዩ ነጥብ ከመንገዱ ዳር ይጀምራል ብለን ስንጠብቅ፣ በእያንዳንዱ ማሳ አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ተገኘ። በዚያው ወር ደግመን ስንሰበሰብ ካርታውን ዘረጋች።

«ማሽላችሁን ከየት ነው የምታመጡት?» አለች።

«ከአንዲት ሴት» አልናት። እንዴት እንደሚያዝ ነገርናት፤ ጭሱን፣ ሰፌዱን፣ በእጅ መታሸቱን።

«እንደዚያማ ከሆነ ዘሩ ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ አያያዝ የለም። ከዘሩ ጋር የሚመጣ ሌላ ነገርስ?»

 አርባ ሦስት ሰው ስለ አንዲት ቋጠሮ ያስብ ነበር። በመጨረሻ እኔው ስለ አፈሩ ተናገርሁ። ስርጉት ካርታው ላይ ያሉትን ጥጎች ተመለከተችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይኸው ነዋ!» አለች። «በሉ ዘሩን ውሰዱ፣ አፈሩን ተዉት። በቃ።»

በቃ ማለት ለእሷ ቀላል ነው። ስርጉት ከሄደች በኋላ እርስ በርስ ተያየን። ማን ይንገራቸው? መደባቸው ላይ ተቀምጦ፣ ጠላቸውን ጠጥቶ፣ «አፈርዎን አንፈልግም» የሚል አፍ ማን አለው? የባላቸው መታሰቢያ አይደለም ወይ? እኔ አልችልም አልሁ። ሌላውም አልችልም አለ። ጋሽ ሷሊህ እንኳ ትራክተራቸውን ማየት ጀመሩ። ሄደን አፈሩን እምቢ ከምንል ጭራሽ ባንሄድ ይሻላል ተባለ፤ ከወረዳ የተሻሻለ ዘር እናስመጣ፣ እሳቸውም ሳያዝኑ ነገሩ ቀስ ብሎ ይረሳል ተባለ። እጅ ይውጣ ሲባል እኔም አወጣሁ። እንደዚህ ያለውን ነገር እኛ ይሉኝታ እንለዋለን፤ ጨዋነት ይመስለናል።

ሰኔ ገባ። የዝናቡ ሽታ ሲመጣ እማማ አይናዲስ ደጃቸውን ጠርገው፣ መደቡ ላይ ጆንያ አንጥፈው፣ ጠላ ጠምቀው ተቀመጡ። ይህን የማውቀው ከሩቅ ስላየሁ ነው። ወደ ማሳዬ የሚወስደኝ መንገድ በደጃቸው ነበር፤ ያን ወር በደረቁ ወንዝ በኩል እየዞርሁ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየያዘኝ ሄድሁ። አንድ ቀን ከወንዙ አፋፍ ላይ ቀና ብል ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲያዩ አየኋቸው። ሰፌዱ ላይ የታሸ ማሽላ ነበር። ጎንበስ ብዬ አለፍሁ፤ የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ የልጆች አባት፣ እንደ ሌባ ጎንበስ ብዬ።

በሦስተኛው ሳምንት እሳቸው ራሳቸው እቤቴ መጡ። አሰበች፣ ባለቤቴ፣ ከሩቅ ስታያቸው ማድ ቤት ገባችና ቀረች። ተቀመጡ አልኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ወንድማገኝ፣ ምን በደልኋችሁ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም! የምን በደል አመጡ እማማ?»

«እንዲያው ጭር ብሎብኝ ነው። ሰኔ ሆኖ ሰው ደጄን ሳይረግጥ ቀርቶ አያውቅም። የጠመቅሁት ጠላ ኮምጥጦ ደፋሁት። ሞተች ብሎ ያወራብኝ ሰው አለ እንዴ?»

«አይዶለም እማማ። የተሻሻለ ዘር ከወረዳ መጥቶ ነው። በግድ ውሰዱ አሉን፤ ምን እናድርግ ብለው ነው?»

በግድ ያለን የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ቢያንስ አዝመራው እስኪያልፍ ባይጠራ ብዬ እመኝ ነበር።

«እሰየው። ድካም ቀነሰላችሁ» አሉ። ግቢዬን አዩ፤ ልጆቼን፣ ሞፈሩን፣ የተዘረጋውን ልብስ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ። «ለአንተ ይዤልህ መጣሁ። ዘሩን ባትወስድም አፈሩ አይጎዳህም።»

በሁለት እጄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ አመስግኜ ተቀበልሁ። ሲሄዱ አሰበች ወጣችና ቋጠሮውን አብረን አየነው። አፈር አይቃጠል፤ ወንዝ ቢጥሉት ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል። ሽንት ቤት ጣልሁት።

የሳቸው ማሳ በካርታው ላይ ከሁሉም የባሰ ቀይ ነበር። ሰሊጥ ብቻ ይዝሩ የሚል ወረቀት ደረሳቸው፤ ሕግ ነው ብለው ሙሉውን ሰሊጥ ዘሩ። በቤታቸው ውስጥ ግን በኅዳር የቆረጡት የዘር ማሽላ ጭሱ ላይ እንደተሰቀለ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ የነቀላው ተራ የእኔ ማሳ ሆነ። ከየቤቱ አንድ ሰው ስለሚወጣ፣ ከእማማ አይናዲስ ቤት ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ራሳቸው መጡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ይኸ ሁሉ ሰው!» አሉ። ከዚያ መስመር ወደዚህ መስመር እየተሻገሩ፣ አንዱን ስለ ሚስቱ፣ አንዱን ስለ በሬው ይጠይቃሉ። ሰኔ ላይ ያመለጣቸውን ወሬ ሁሉ አረም እየነቀሉ ለቀሙት። ሰዉም እየሸሸ ይመልስላቸዋል፤ ዓይናቸውን የሚያይ አልነበረም። እሳቸው ይህን ልብ አላሉትም፤ ወይም ልብ ብለው ችለውታል።

እኩለ ቀን ላይ ስርጉት ካርታዋን ይዛ መጣች። የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች፣ ከሩቅ፣ በታላቅ ድምፅ ጠራችኝ።

«ጋሼ ወንድማገኝ! ያንን አፈር የበተኑት እዚህ ጥግ ላይ ነው አይደል?»

እማማ አይናዲስ ከአጠገቤ ነበሩ። ቀና አሉ። «የምን አፈር?»

ስርጉት ምን ታውቃለች? አንዲት ሴት እንጂ ስም አልነገርናትም። «ከሌላ ማሳ የሚመጣ አፈር ነው እማማ» አለቻቸው፣ እንደ አስተማሪ ፈገግ ብላ። «የአቀንጭራ ዘር ብናኝ ነው፤ እፍኝ አፈር ውስጥ ስንት ሺህ ይኖራል። ቀጣናውን በሙሉ ያዳረሰው ከዘር ጋር እየታደለ ነው። አሁን ግን አይዞዎት፣ ቆሟል። በሚያዝያ ተነጋግረን አስቁመነዋል።»

«በሚያዝያ?» አሉ።

«አዎ፣ ሁሉም ባሉበት።»

እኔን ተመለከቱኝ። የነቀልሁትን አረም ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው እጄ አዛወርሁ። ከዚያ ሌላ የሠራሁት ነገር የለም። እሳቸውም ጎንበስ ብለው እስከ ማታ ነቀሉ፤ አንድም ሰው ስለ ምንም አልጠየቁም። ሲመሽ የሁላችንም እጅ የሚታጠብበት ባልዲ ጋ ደርሰው፣ ሳይታጠቡ አልፈው ሄዱ።

በማግስቱ ልሄድ አሰብሁ። አጥራቸው ድረስ ሄጄ የዶሮ ድምፅ ሰማሁና ተመለስሁ። ደግሞ በሌላው ሳምንት አሰብሁ። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስቀል፤ በዓል ለሰነፍ ሰው ምክንያት ነው።

ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ ሰሊጥ አጨዳ ሳይጀመር፣ የቀጣናው ስብሰባ በጋሽ ሷሊህ መጋዘን ጥላ ሥር ተደረገ። ዜናው መልካም ነበር፤ ከአርባ ሦስቱ ማሳ አበባ ያየነው ስድስቱ ላይ ብቻ ነው። እየተጨበጨበ ሳለ እማማ አይናዲስ አህያ እየነዱ መጡ። ሁለት ትልልቅ ድስት ጭነዋል። አውርዱልኝ አሉ፤ አወረድን። ክዳኑን ሲከፍቱ እንፋሎት ወጣ፤ ንፍሮ ነበር። በጭልፋ እየዛቁ ለእያንዳንዱ ሰው በመዳፉ አደሉ። ማንንም አልዘለሉም፤ እኔንም አልዘለሉም። እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ ይቅር አሉን ብዬ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ንፍሮ ከበላሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ ጋሽ ሷሊህ።

ያኔ መዳፌን ተመለከትሁ። ፍሬው ትልልቅ ነው፤ ነጭ ነው። ለስብሰባ ንፍሮ ቀቅሎ የሚያመጣ ሰው በእኛ አገር የለም። ንፍሮ በትልቅ ድስት ተቀቅሎ ለሰው የሚታደለው ለቅሶ ቤት ነው።

«እማማ፣ ይኸ ማሽላ...» አልሁ።

«እሱው ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ግማሹን ወፍጮ አስገባሁት፣ ግማሹ ይኸው። አገር ያሳመመ ዘር ቤቴ ተሰቅሎ እንዴት ልደር? መቼም የተቀቀለ አይበቅል፣ ብሉት።»

ስርጉት ብድግ አለች። ፊቷ ደም መስሏል። «እርስዎ ነዎት እንዴ ሴትዮዋ? ኧረ እማማ! ዘሩ እኮ ንጹሕ ነበር! አፈሩ ብቻ ነው! ለእነሱ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዘሩን ውሰዱ፣ አፈሩን ተዉ ብያቸዋለሁ!»

እማማ አይናዲስ ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ። ዓይናቸው በመጋዘኑ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ ዞረ፤ ሠላሳ ዓመት ዘር የሰጡትን ሰው ሁሉ።

«ይኸንን እኔ ከማን ልስማው ልጄ?» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ የእውነታቸውን ጠየቋት።

 ንፍሮ ደግሞ ተቀብለው አይጥሉትም፤ ነውር ነው። ጋሽ ሷሊህ አቀርቅረው ማኘክ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ። ድስቱ እስኪያልቅ እየዞሩ አደሉን። በየጎተራችን የነበረው በክረምቱ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በኮኪትም በሸሕዲም ገበያ፣ እስከ አብርሃ ጅራ ድረስም ሰው ልኬ፣ ያንን ነጭ ማሽላ አስፈልጌ አጥቻለሁ። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ እጄን ዘርግቼ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም መጣፈጡ ነው።